ሎጎ ሐይቅ፦ ለሪዞርት የተገኘ ዳርቻ ለቤተሰብስ?

ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አስፋልት 30 ኪሎ ሜትር ገደማ እንደተጓዙ ሐይቅ ከተማ ይደረሳል። ከከተማዋ ፈንጠር ብሎ ደግሞ ስሟን ያወረሳት የሎጎ ሐይቅ ተኝቷል። ከኮምቦልቻ ለሚነሳም ቢሆን ሐረጎን ወጥቶ፣ ደሴን አቋርጦ የግማሽ ቀን ጉዞ እንኳ አይሞላም። ይህን ያህል ቅርብ ነው።

ደሴና ኮምቦልቻ ዛሬ የደመወዝተኛ ከተሞች ናቸው። በሁለቱም ከተሞች ግቢ ያለው ወሎ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ በ2009 ዓ.ም. ማብቂያ የተመረቀው የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ አለ፤ ጨርቃ ጨርቁ፣ ቢራ ፋብሪካው፣ ሆስፒታሎቹና ባንኮቹ አሉ። ከእነዚህ በአንዱ የሚሠራና ሁለት ሦስት ልጆች ያሉት ሰው ዕረፍቱን የት እንደሚያሳልፍ ቢጠየቅ መልሱ ብዙውን ጊዜ “ቤት” ነው። ሞቅ ያለ ቀን ከሆነ ደግሞ የሆቴል በረንዳ፤ ለአባትየው ማኪያቶ፣ ለልጆቹ ለስላሳ፣ ከዚያ ወደ ቤት። ሐይቁ የሚታየው ወደ ወልድያ ሲታለፍ በመኪና መስኮት ነው።

ጥያቄው የቅንጦት ይመስላል የሚል አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. መጨረሻ በሕወሓት ኃይሎች ተይዘው እስከ ኅዳር መጨረሻ ድረስ የቆዩ፣ ሆስፒታላቸው ሳይቀር የተዘረፈባቸው፣ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ደግሞ በክልሉ የተቀሰቀሰው ሌላ ግጭት ያልለቀቃቸው ከተሞች ውስጥ ሆኖ ስለ ሐይቅ ዳር ሽርሽር መጻፍ ምን ይባላል? እኔ ግን በተቃራኒው አስባለሁ። እነዚህ ልጆች በአራት ዓመት ውስጥ ያዩትን ያየ ሰው፣ ሣር ላይ የሚሮጡበት ቦታ ይኑራቸው ማለትን ቅንጦት አይለውም። በዚያ ላይ የሎጎ ዳርቻ ዕጣ እየተወሰነ ያለው አሁን ነው። “ገበታ ለአገር” ጎርጎራን፣ ወንጪንና ኮይሻን ከመረጠ በኋላ በተከተለው “ገበታ ለትውልድ” ከታቀዱት ሥፍራዎች አንዱ የሎጎ ሐይቅ ሆኗል። ዳርቻው ከተሸነሸነ በኋላ “እኛስ?” ማለት ዋጋ የለውም።

ነገሩን በቅርብ እንድመለከተው ያደረገኝ አሜሪካ የሚኖር አንድ ዘመዴ ነው። በየክረምቱ “ካምፐር” የሚሉትን፣ አልጋም ማድቤትም መጸዳጃም በሆዱ የያዘ መኪና ተከራይቶ ቤተሰቡን ሐይቅ ዳር ይዞ ይወጣል። አንድ ቀን “እንዲህ ዓይነቱን መኪና ደሴ ባመጣው እኮ ሎጎ ዳር ሥራ ይሆን ነበር” አለኝ። መኪናው ምን እንደሚገጥመው ለመናገር አዋቂ መሆን አያሻም። በኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 መሠረት ያገለገለ መኪና፣ በተለይ ከሰባት ዓመት በላይ የሆነው፣ ከዋጋው በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ታክስ ይጠብቀዋል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታውቋል። መኪናው ቢገባስ የት ይቆማል? ለዘመዴ ያነሳሁለት ይህንኑ ጥያቄ ነበር።

በውጭው ዓለም ቤተሰቡ ገንዘብ የሚከፍለው በዋነኝነት ለቦታው ነው። ቁጥር የተጻፈበት ማቆሚያ አለው። የውኃ ቧንቧና የኤሌክትሪክ ሶኬት አጠገቡ አለ። የመጸዳጃው ቆሻሻ የሚራገፍበት ጉድጓድ አለ፤ ማታ ከስንት ሰዓት በኋላ ሙዚቃ እንደማይፈቀድ ይነገረዋል፤ ጥበቃ አለ፤ ዋጋው በር ላይ ተለጥፏል። መኪና የሌለው ደግሞ እዚያው ድንኳን ይተክላል። የእኛ ቤተሰብ በኮንትራት ሚኒባስ ቢሄድ፣ አክስትና አያት ጨምሮ አሥራ አንድ ሰው ቢሆን፣ የሚያስፈልገው ከዚህ ብዙም የተለየ አይደለም። ጥላ፣ ንጹሕ ውኃ፣ የሚዘጋ በር ያለው መጸዳጃ፣ መኪናው የሚጠበቅበት ግቢ፣ አንድ ጊዜ ብቻ የሚከፈል የታወቀ ዋጋ። ይህ ሁሉ በአገር ደረጃ የፕሮጀክት ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም።

አሁን ያለውን ሁኔታ በራሴ ዓይን አይቻለሁ። ከሁለት ባልደረቦቼ ቤተሰቦች ጋር ወደ ዳርቻው በወረድንበት ቀን ለአንዱ ወጣት ለመኪና ማቆሚያ ከፈልን፤ ሃምሳ እርምጃ ሳንሄድ ሌላው መጥቶ የመግቢያ አለን፤ ሦስተኛው ፎቶ ስላነሳን ጠየቀ። ደረሰኝ የሚባል ነገር የለም። ከሁሉ የባሰው የመጸዳጃው ነገር ነበር። ወንዶቹ ቁጥቋጦ ፈለጉ፤ ሴቶቹና ትልልቆቹ ልጃገረዶች ውኃ ሳይጠጡ ዋሉ። ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ “እንሂድ” ያለችው የባልደረባዬ ባለቤት ናት፤ ምክንያቱን መጠየቅ አላስፈለገንም። ስለ “ቤተሰብ ተስማሚ” መዝናኛ የሚያወራ ባለሥልጣን መጀመሪያ የሚጠየቀው ስለ ውኃ መንሸራተቻ መሆን የለበትም፤ የሴቶች መጸዳጃ የት እንዳለ ይንገረን።

ሎጎ እንደ ማንኛውም ሐይቅ አይደለም። ጥልቀቱ ከ80 ሜትር በላይ ነው። ብዙዎቻችን ዋና የማንችል፣ ልጆቻችንንም ያላስተማርን ሰዎች ነን፤ እንዲህ ያለ ውኃ ዳር ልጅ ይዞ መዋል ደግሞ የዳርቻውን ጠባይ ማወቅ ይጠይቃል። ቀስ እያለ የሚጠልቅበት ቦታ አለ፤ ድንገት የሚገደልበትም አለ። ይህን የሚያውቁት በታንኳ የሚያድሩት ዓሣ አስጋሪዎች ናቸው። አንድ ሰው ልጆቹ የሚጫወቱበትን ጥግ መምረጥ ከፈለገ ከየትኛውም ማስታወቂያ በፊት እነሱን ይጠይቅ። ጀልባ የሚያከራየው ሰው ለልጅ የሚሆን የመንሳፈፊያ ሰደርያ ከሌለው ጀልባው ላይ አለመውጣት ነው፤ በዚህ ይሉኝታ አያስፈልግም። ቢልሃርዚያም አለ፤ ጣናን ጨምሮ በክልሉ የውኃ ዳርቻዎች የታወቀ ችግር ነው። የሚተላለፈው ቀንድ አውጣ በሚኖርበት፣ ሣርና ደንገል በበዛበት ጥልቀት የሌለው ውኃ ውስጥ ነው፤ ማለትም ልጆች መንቦራጨቅ በሚወዱበት። የአዲስ አበባ ሰው ላንጋኖን የወደደበት አንዱ ምክንያት ሐይቁ ከቢልሃርዚያ ነፃ መሆኑ ለአስርት ዓመታት ስለተነገረለት ነው። ለሎጎ እንዲህ ያለውን ማረጋገጫ የሚሰጥ ወይም የሚነፍግ፣ የጤና ቢሮ ማኅተም ያለበት አንድ ሰሌዳ ዳርቻው ላይ ቢቆም ምን ይከብድ ነበር?

ሌላው ሐይቁ መውጫ የሌለው መሆኑ ነው። ከአርዲቦ የሚወርደው ወንዝ ይገባበታል፤ ከእሱ ግን የሚወጣ ወንዝ የለም። የገባው ሁሉ እዚያው ይቀራል። የመጸዳጃ ጉድጓድም፣ የሆቴል እጣቢም፣ የእርሻ ማዳበሪያም። ስለዚህ ዳርቻው ላይ የሚሠራ ማንኛውም ነገር፣ ባለ አምስት ኮከብም ሆነ የድንኳን ሜዳ፣ መጀመሪያ መመለስ ያለበት ጥያቄ ፍሳሹ የት ይሄዳል የሚለው ነው። በውኃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 የውኃ አካላትን ዳርቻ ከምንጣሮና ከቤት ግንባታ ስለመጠበቅ ተደንግጓል። አዋጁ ከወጣ ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኖታል። በሎጎ ዙሪያ የክልከላው መስመር የት ላይ እንደሚያልፍ በካልቾ የሚታይ ምልክት ግን አላየሁም።

ስለ ላንጋኖ ካነሳን አይቀር፣ ከዚያ የምንማረው ሁለት ተቃራኒ ነገር አለ። በቀለ ሞላ ሆቴል ዳርቻው ላይ ከተሠራበት ዘመን ጀምሮ የአዲስ አበባ ቤተሰብ ላንጋኖን የራሱ አድርጎታል፤ ክፍል መከራየት ያልቻለውም ድንኳኑን ጭኖ ሄዷል። በሌላው ወገን ደግሞ በሐይቁ ምሥራቃዊ ዳርቻ የነበረው ቢሻንጋሪ ሎጅ፣ በአገሪቱ የኢኮ ቱሪዝም ፈር ቀዳጅ ተብሎ ሲሞገስ ኖሮ፣ በመስከረም 2009 ዓ.ም. ከኢሬቻው እልቂት በኋላ በተቀጣጠለው ተቃውሞ ተቃጥሏል። የዚያን ሰሞን ቁጣ በአንድ ሎጅ ጥፋት ብቻ መተርጎም ስህተት ይሆናል፤ ምንጩ ሰፊ ነበር። ሆኖም አጥር ያለው ግቢ በአጥሩ ውጭ ያለው ሰው ምን እንደሚሰማው ካልጠየቀ፣ ክፉ ቀን ሲመጣ የሚሟገትለት ጎረቤት አያገኝም።

ወንጪ ሌላ መንገድ ሞክሮ ነበር። ትልቁ ፕሮጀክት ከመምጣቱ በፊት፣ በ1990ዎቹ አጋማሽ የአካባቢው ገበሬዎች በማኅበር ተደራጅተው ፈረስ፣ ጀልባና አስጎብኚ በተራ ያቀርቡ ጀመር። ዋጋው የታወቀ፣ ተራው የታወቀ፣ ገንዘቡ ቀበሌው ውስጥ የሚቀር። ወንጪ በ2014 ዓ.ም. ከዓለም ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ተብሎ ሲመረጥ ይኸው የማኅበረሰብ አሠራር ታሪኩ አብሮት ነበር። ወሎ ራሱም ከዚህ ባዶ አይደለም፤ በመቄት ገደል አፋፍ ላይ ገበሬው ራሱ የሚያስተዳድራቸው የእግር ተጓዥ ማደሪያዎች “ተስፋ” በሚል ስም ለዓመታት ሠርተዋል። ጎርጎራ ላይም ሪዞርት ከመታሰቡ ብዙ ቀደም ብሎ ሁለት የኔዘርላንድ ዜጎች ጣና ዳር አነስተኛ የድንኳንና የጎጆ ማረፊያ ከፍተው፣ አፍሪካን በመኪና የሚያቋርጡ ፈረንጆች ሁሉ የሚያድሩበት ሆኖ ነበር። ከካይሮ እስከ ኬፕታውን የሚነዳ ሰው የሚፈልገውን ትንሽ ነገር አውቀው ስለሠሩ መጡላቸው።

እኔ ሪዞርትን የምቃወም ሰው አይደለሁም። ሎጎ ዳር ጥሩ ሆቴል ቢቆም ሥራ ይፈጥራል፤ ለላሊበላ መንገደኛ ማረፊያ ይሆናል፤ የደሴ ሙሽራም ፎቶ የምትነሳበት ታገኛለች። ሆኖም ብር በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የአንድ መምህር ወይም የአንድ ነርስ ደመወዝ ከሪዞርት የአንድ ሌሊት ዋጋ ጋር ሲነጻጸር የት እንደደረሰ አንባቢ ራሱ ያስላው። አምስት ሰው ይዞ ሁለት ሌሊት ማደር የማይታሰብ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬትና የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ተብሏል፤ የሕዝብ የሚለው ቃል ሎጎ ዳር ሲደርስ በሜትር መተርጎም አለበት። ሪዞርቱ የሚይዘው ዳርቻ ስንት ሜትር ነው? ለዓሣ አስጋሪው ታንኳ ስንት ሜትር ቀረ? ከብት የሚጠጣበትስ? ልጁን ይዞ ለሚመጣው የከተማ ሰውስ?

አሁን ደግሞ ብዙዎቻችን የምንሸሸውን ነገር ላንሳ። ሐይቅ ከተማ ላይ ቆሞ “ካምፕ” ቢባል ሰው የሚያስበው ስለ ሽርሽር አይደለም። ተሁለደሬ ውስጥ ጃሪና ቱርክ ካምፕ በሚባሉት ሥፍራዎች፣ ከወለጋ በጥቃት የተፈናቀሉ የአማራ ተወላጆች ለዓመታት በድንኳንና በሸራ ሥር ኖረዋል። እኛ ለሁለት ሌሊት ደስታ የምንተክለው ድንኳን ለእነሱ ክረምት ከበጋ የሚያፈስ ቤታቸው ነው። ይህ ማለት የደሴ ቤተሰብ አይዝናና ማለት አይደለም። ይሁን እንጂ ከድንኳኖቹ በቅርብ ርቀት ላይ የመዝናኛ ሥፍራ የሚያቅድ ሰው እነዚህን ሰዎች እንዳላየ ሆኖ ማቀድ አይችልም። ግንበኛ፣ ጥበቃ፣ አብሳይ፣ አትክልተኛ ያስፈልጋል፤ ከተፈናቃዮቹ መካከል እጃቸው ለሥራ የሚጓጓ ብዙ ናቸው። የሐይቅ ከተማ ወጣትም ሥራ ይፈልጋል፤ ፉክክሩ ጠብ እንዳይሆን ኮታውን አስቀድሞ መነጋገር የወረዳው ሥራ ነው።

ጸጥታውም አለ። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በ2016 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ ቢያበቃም፣ መንገድ የሚዘጋበት ቀን ግን አብሮ አላበቃም። ስለዚህ ዛሬ ልጆች ይዞ ለሚወጣ ሰው የምሰጠው ምክር አጭር ነው፦ በማለዳ ተነስቶ ፀሐይ ሳትጠልቅ መመለስ። ማደር የሚባለውን፣ በር ያለው ግቢና የሚያውቁት ሰው ካልተገኘ፣ ለሌላ ጊዜ መተው። ከመነሳት በፊትም ሐይቅ ከተማ ላለ ሰው መደወል ነው፤ የዕለቱን መንገድ ከዕለቱ ሰው በላይ የሚያውቅ የለም።

ወቅቱን በተመለከተ የትምህርት ቤት መርሐ ግብራችን ከሰማዩ ጋር ተጣልቷል። ረጅሙ ዕረፍት ሐምሌና ነሐሴ ነው፤ ወሎ ላይ ደግሞ ሐምሌና ነሐሴ ዝናብ ነው፤ ዳርቻው ጭቃ፣ ድንኳኑ ኩሬ ይሆናል። የበልጉ ዝናብም ከየካቲት ወዲያ ሊጀምር ይችላል። የሚቀረው ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ነው፤ ከእሱም ውስጥ ልጆች ነፃ የሚሆኑት በግማሽ ዓመቱ ዕረፍት ጥቂት ቀናት ነው። ያኔ ቀኑ ፀሐይ፣ ሌሊቱ ብርድ ነው፤ ሐይቁ ከባሕር ወለል ወደ 2 ሺህ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነ ከኮምቦልቻ የሚመጣ ቤተሰብ ጋቢ ሳይይዝ አይውጣ። የሎጎን ማረፊያ የሚሠራ አካል ይህን ካልተረዳ፣ ማለትም ለዝናብ ወቅት ጣሪያ ያለው ሰፊ ዳስ ካላዘጋጀ፣ ቤቱ በዓመት አሥር ቀን ብቻ ይሞላል።

የእስጢፋኖስ ገዳምንም ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት፣ ቀድሞ ደሴት የነበረና አሁን ከየብስ የተያያዘ ቦታ ነው። በአገራችን የትምህርት ታሪክ ውስጥ ይህን የሚተካከሉ ቦታዎች ጥቂት ናቸው። ግን የወንዶች ገዳም ነው፤ ሴቶች አይገቡም። ቤተሰብ ይዞ የሚሄድ ሰው ይህን ቀድሞ ካልነገረ፣ ሴት ልጁ በር ላይ ስትቀር የሚመጣውን ጥያቄ ይዘጋጅበት። ወንዶቹ ሲገቡ ሴቶቹ የሚቀመጡበት ጥላ፣ የገዳሙን ታሪክ የሚያነቡበት ሰሌዳ እንኳ ከውጭ ቢኖር መልካም ነበር። ሥርዓቱን ማክበር አንድ ነገር ነው፤ እናትና ልጅን ፀሐይ ላይ ማስቀመጥ ሌላ።

በምግብ በኩል ሎጎ ለወሎ ቤተሰብ የተፈጠረ ነው ማለት ይቻላል። በእኛ አካባቢ አንድ ሚኒባስ ውስጥ ሙስሊምና ክርስቲያን ዘመድ አብሮ መጫኑ የተለመደ ነው፤ ሥጋ ሲመጣ ግን የማን እጅ አረደው የሚለው ይነሳና ሁለት ድስት ይጣዳል። ቆሮሶ ጥብስ ከመጣ ግን ሁሉም ከአንድ ትሪ ይበላል። (ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለአያቶች ትተነዋል።) ዳርቻው ላይ የሚከፈት ማንኛውም ማረፊያ ከዚህ ዓሣ ቤት ቢነሳ፣ አልኮልና ሙዚቃውንም በልክ ቢያደርገው፣ ከደሴ የሚመጣውን ብቻ ሳይሆን የተሁለደሬን ገበሬም ቤተሰብ ይስባል።

ሎጎ ብቸኛው ምርጫ አይደለም። አርዲቦ አጠገቡ አለ፤ ጸጥታ ለሚወድ ይሻላል፤ መንገዱ ግን ዝቅ ያለ መኪና አይወድም። ከደሴ በስተደቡብ ማይባር አለ፤ ትንሽ ናት፣ ከ1970ዎቹ ጀምሮ የአፈር ጥበቃ ጥናት ሲካሄድባት የኖረች ስለሆነች ለተማሪ ልጆች የምታሳየው ነገር አላት። ሁለቱም ግን መጸዳጃ የማይጠበቅባቸው ቦታዎች ናቸው፤ ለግማሽ ቀን እንጂ ለቤተሰብ ሙሉ ቀን አልመክራቸውም።

ስለዚህ የደቡብ ወሎ ዞንና የተሁለደሬ ወረዳ ኃላፊዎች ከትልቁ ፕሮጀክት ጎን ለጎን አንድ ትንሽ ነገር ቢያደርጉ እላለሁ። ከዳርቻው ቀስ እያለ የሚጠልቅበትን አንድ ቁራጭ ለሕዝብ ይለዩ። ለዓሣ አስጋሪዎቹና ለሐይቅ ወጣቶች ማኅበር በውል ይስጡት። ከውኃው ራቅ ብሎ የታሸገ ጉድጓድ ያለው መጸዳጃ፣ አንድ ዳስ፣ አንድ ቧንቧ፣ አንድ የመኪና ግቢ። ዋጋው በቤተሰብ ይሁን እንጂ በነፍስ ወከፍ አይሁን፤ አያትን ቤት አስቀርቶ የሚመጣ ሰው እንዳይኖር። በደረሰኝ ይከፈል። ከዚያ በፊት ግን የዳርቻውን ካርታ፣ የሪዞርቱን፣ የገዳሙን፣ የአስጋሪውንና የሕዝቡን ድርሻ በቀለም ለይተው ይለጥፉልን። የወረዳው ጽሕፈት ቤት በር ላይም ቢሆን ይበቃል፤ መጥተን እናነበዋለን።